ባርኒ ሮስ፦ የስደተኛ ልጅ፣ ቦክሰኛና ወታደር

በአሜሪካ አገር ዛሬ ስፖርት ወዳዱ ሕዝብ በብዛት የሚከታተለው የአሜሪካን እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስና ቤዝቦልን ነው። ቦክስን ግን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ትልቅ ግጥሚያ ሲኖር ካልሆነ በቀር ብዙ ሰው አያነሣውም። ከዘጠና ዓመት በፊት ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በ1930ዎቹ ዓመታት ቦክስ ከቤዝቦልና ከፈረስ እሽቅድምድም ጋር ከታላላቆቹ ስፖርቶች አንዱ ሲሆን፣ በትላልቆቹ ከተሞች የዓለም ሻምፒዮን ማን እንደሆነ የማያውቅ የሠፈር ልጅ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ከእነዚያ ሻምፒዮኖች መካከል ደግሞ ብዙዎቹ አይሁዶች ነበሩ። ይህ ብዙ አንባቢዎቻችንን ያስገርም ይሆናል። የአይሁድ ልጅ በቡጢ ዓለምን አሸነፈ ሲባል የማይገረም ማን ነው? ሆኖም እውነት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አርባ ዓመታት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት አይሁዳውያን ቦክሰኞች ከሃያ በላይ ናቸው።

ከእነሱ አንዱ ባርኒ ሮስ ነው። የእሱን ሕይወት የመረጥንበት ምክንያት፣ ቦክስ የተወደደበትንም የተጠላበትንም ዘመን አንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህም ሌላ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የገባ ቤተሰብ ምን እንደሚገጥመው ለአንባቢዎቻችን መንገር ባያስፈልግም፣ የዚህ ሰው ታሪክ ግን ከብዙዎቻችን ቤት ሩቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ባርኒ ሮስ በ1909 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዶቭ በር ሲሆን የቤተሰቡ ስም ራሶፍስኪ ነበር። አባቱ አቶ ኢሲዶርና እናቱ ወይዘሮ ሣራ የመጡት ብሬስት ሊቶቭስክ ከምትባል፣ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሥ ግዛት ሥር ከነበረችና ዛሬ በቤላሩስ ከምትገኝ ከተማ ነው። ከዚያ የወጡት ፖግሮም በሚባለው በአይሁዶች ላይ ይደርስ በነበረው ግድያና ዝርፊያ ምክንያት ነው። አባቱ ታልሙድ የተማሩ፣ በትምህርታቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ። አሜሪካ ሲገቡ ግን ያ ሁሉ ትምህርት እንጀራ አላመጣላቸውም። ይህ የደረሰባቸው አባቶች በእኛም መካከል አሉ፤ በአገራቸው ሽማግሌና አስታራቂ የነበሩ፣ እዚህ ሲመጡ በቋንቋ እጦት ልጆቻቸውን አስተርጓሚ አድርገው ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩ።

ሕፃኑ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ተዛውሮ በማክስዌል መንገድ ሠፈር ኖረ። ማክስዌል መንገድ የድሆች አይሁዶች ገበያ ነበር። ዓሣ፣ ሽንኩርት፣ አሮጌ ልብስ፣ ድስት፣ ዶሮ ሁሉ በጋሪና በመንገድ ላይ የሚሸጥበት፣ ሰዉ በዪዲሽ ቋንቋ ዋጋ የሚከራከርበት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ነፍስ የሚያድርበት ሠፈር ነው። አቶ ኢሲዶር በዚያ እዚህ አገር ማኮሌት የምንላትን ዓይነት ትንሽ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ከፈቱ። ወተት፣ ቅቤና ዳቦ እየሸጡ፣ ገዢ በሌለበት ሰዓት ደግሞ መጽሐፋቸውን እየገለጡ ኖሩ። ልጃቸውም እንደ እሳቸው ተምሮ መምህር እንዲሆን ነበር ምኞታቸው።

ከሠፈሩ ዳርና ዳር የጣሊያን፣ የፖላንድና የአየርላንድ ስደተኞች ልጆች ይኖሩ ነበር። አንድ ልጅ የራሱን ሠፈር መንገድ ተሻግሮ ከሄደ ሳይደበደብ አይመለስም። ዶቭ በር ቀጭንና ትንሽ ቢሆንም ድብድብ ይችልበት ነበር። አባቱ ይህን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። የተማረ አይሁዳዊ እጁን በሰው ላይ አያነሣም የሚል እምነት ስለነበራቸው፣ ልጃቸው ፊቱ አብጦ ሲመጣ ይቀጡታል። ልጁም አባቱን ይፈራል፣ ያከብራል፤ ወደ ትምህርቱም ይመለሳል።

ልጁ 14 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አባቱ በዚያችው ሱቅ ውስጥ ተገደሉ። ሌቦች ገብተው ሊዘርፏቸው ሲሞክሩ በጥይት ተመተው ነው የሞቱት። በሱቋ ውስጥ የነበረው ገንዘብ የሰው ሕይወት ቀርቶ የጥይቱን ዋጋ የሚያወጣ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ፈረሰ። እናቱ ኀዘኑን መቋቋም አቅቷቸው አእምሯቸው ታወከ፤ ለማረፍም ወደ ዘመዶች ተወሰዱ። ትንንሾቹ ሦስት ልጆች በሙት ልጆች ማሳደጊያ ገቡ። ዶቭ በርና ታላቅ ወንድሙ በዘመድ ቤት ቀሩ። ልጁ ለአባቱ ቃዲሽ ጸለየ፤ ከዚያም በንዴት ከአባቱ ሃይማኖት ራቀ። ትምህርቱንም ተወ። በመንገድ ላይ መዋል፣ መቆመር፣ ከወሮበሎች ጋር መላላክ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ቺካጎን እንደ ግል ንብረቱ ይዞ ለነበረው ለአል ካፖኔም ይላላክ እንደነበር እሱ ራሱ በኋላ ተርኳል። ከጓደኞቹ መካከል ጃኮብ ሩበንስታይን የሚባል ልጅ ነበር። ይህ ልጅ ስሙን ለውጦ ጃክ ሩቢ የተባለው፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ገደለ ተብሎ የተያዘውን ኦስዋልድን በ1963 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ፊት የገደለው ሰው ነው። ሮስ ከአርባ ዓመት በኋላም የልጅነት ጓደኛውን አልካደም፤ በ1964 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ጠባዩ መስክሮለታል።

ዶቭ በር በልቡ የያዘው አንድ ነገር ነበር፤ ገንዘብ አግኝቶ ቤት ገዝቶ እናቱንና ወንድም እኅቶቹን አንድ ጣራ ሥር መሰብሰብ። ትምህርት ለሌለው ልጅ ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ ወይ ወሮበላነት ወይ ቦክስ ነበር።

እዚህ ላይ ቦክስ በዚያን ዘመን ምን እንደነበረ መረዳት ያስፈልጋል። በየሠፈሩ ትንንሽ የቦክስ ክበቦች ነበሩ። ዛሬ ሰው ሲኒማ እንደሚሄድ ያኔ ወደ ክበቡ ሄዶ የሠፈሩ ልጅ ከሌላው ሠፈር ልጅ ጋር ሲጋጠም ያያል። አይሁዱ ለአይሁድ፣ ጣሊያኑ ለጣሊያን፣ አየርላንዳዊው ለአየርላንዳዊ ይጮሃል። ለቦክስ ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማወቅም አያስፈልግም። ያሸነፈም የተሸነፈም ገንዘቡን በዚያው ምሽት ይቀበላል። ለደመወዝ የማይጋጠሙት ጀማሪዎች እንኳ የተሸለሙትን ሜዳልያ ወይም ሰዓት ሸጠው ጥቂት ዶላር ያገኛሉ። ስለዚህ በአንድ ከተማ የትኛው ስደተኛ ሕዝብ የበለጠ ድሃ እንደሆነ ለማወቅ የቦክሰኞቹን ስም ዝርዝር ማየት ይበቃ ነበር። በመጀመሪያ አየርላንዳውያን በዙ፤ ቀጥሎ አይሁዶች፤ ከዚያ ጣሊያኖች፤ ከዚያ ጥቁር አሜሪካውያንና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሰዎች።

የአይሁዶቹ ልጆች አርአያ የኒው ዮርኩ ቤኒ ሌናርድ ነበር። እሱም የስደተኛ ልጅ ሲሆን ከ1917 እስከ 1925 ዓ.ም. የቀላል ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ ማንም ሳይነጥቀው፣ እናቱ ስለለመኑት ቦክስን ተወ። ዶቭ በርም እናቱ እንዳይሰሙበት፣ የአባቱም ስም በቦክስ ማስታወቂያ ላይ እንዳይለጠፍ ብሎ ስሙን ባርኒ ሮስ አሰኘው። በ1929 ዓ.ም. የወርቅ ጓንት በሚባለው የጀማሪዎች ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ለደመወዝ መጋጠም ጀመረ። ሳም ፒያንና አርት ዊንች የተባሉ ሁለት ሥራ አስኪያጆች ያዙት።

ሮስ በአንድ ቡጢ ሰው የሚዘርር አልነበረም። ችሎታው በእግሩ ፍጥነት፣ በትንፋሹ ብርታትና በልቡ ጥንካሬ ነበር። ተጋጣሚው ሲደክም እሱ ገና የጀመረ ይመስላል። የመታውን ያህል ይመታል እንጂ አይወድቅም። እስከ መጨረሻው 81 ጊዜ ተጋጥሞ የተሸነፈው 4 ጊዜ ብቻ ሲሆን አራቱም በነጥብ ነው። በዝረራ ያሸነፈው ሰው የለም።

በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. በቺካጎ ስታዲየም ከቶኒ ካንዞኔሪ ጋር ተጋጥሞ በአሥር ዙር በነጥብ አሸነፈ፤ የቀላል ክብደትንና ከእሱ በላይ ያለውን ክብደት የዓለም ሻምፒዮንነት በአንድ ምሽት ወሰደ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። ዳኞቹ ለአገሩ ልጅ አደሉ የሚል ሐሜት ስለተነሣ፣ በመስከረም ወር በኒው ዮርክ 15 ዙር እንደገና ተጋጥሞ እንደገና አሸነፈ። ባገኘው ገንዘብም ያሰበውን አደረገ። ወንድሞቹንና እኅቱን ከማሳደጊያው አውጥቶ ከእናታቸው ጋር አንድ ቤት አስገባቸው። ብዙ የስፖርት ጸሐፊዎች ስለ ቀበቶዎቹ ይጽፋሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ከድሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጂሚ ማክላርኒን ነው። ማክላርኒን በአየርላንድ ተወልዶ በካናዳ ያደገ፣ ቡጢው ከባድ የሆነ ቦክሰኛ ሲሆን፣ ስመ ጥር አይሁዳውያን ቦክሰኞችን አንድ በአንድ እያሸነፈ መጥቶ ነበር። ከተሸነፉት አንዱ ቤኒ ሌናርድ ነው። ሌናርድ በ1929 ዓ.ም. የገንዘብ ገበያው ሲወድቅ ሀብቱን አጥቶ፣ በ35 ዓመቱ ለእንጀራ ሲል ወደ ቦክስ ተመልሶ፣ በ1932 ዓ.ም. በማክላርኒን እጅ ተደብድቦ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ። የአይሁዶች ሠፈር ሁሉ ይህን እንደ ቤተሰብ ሞት ነው ያየው። በዚህ ላይ በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ሂትለር በጀርመን ሥልጣን ይዟል። አይሁዳዊ ደካማ ነው፣ አይዋጋም የሚለው ስድብ በየጋዜጣው ይነበባል። ስለዚህ ሮስ በግንቦት 28 ቀን 1934 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከማክላርኒን ጋር ሲጋጠም፣ በአሥር ሺሕ የሚቆጠረው ሕዝብ የመጣው ሁለት ሰዎች ሲመታቱ ለማየት ብቻ አልነበረም።

ማክላርኒን በክብደት ይበልጠዋል፤ ሮስ ግን በ15 ዙር በነጥብ አሸንፎ የዌልተር ክብደት ሻምፒዮን ሆነ። በመስከረም ወር ማክላርኒን ቀበቶውን መለሰ። በግንቦት 28 ቀን 1935 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ፤ የመድረኩ ዳኛ የቀድሞው የከባድ ክብደት ሻምፒዮን ጃክ ዴምፕሲ ነበር። ሮስ አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። ሁለቱ ሰዎች ሦስት ጊዜ 15 ዙር፣ በጠቅላላው 45 ዙር ተመታተው አንዳቸውም ሳይዘረሩ ወጡ። ሮስ ከአባቱ ሞት በኋላ የራቀውን አይሁዳዊነቱን በዚህ ጊዜ በግልጽ የሚኮራበት ሰው ሆኖ ነበር።

በገንዘብ በኩል ግን ነገሩ አያምርም። ሮስ ብዙ ገንዘብ አግኝቷል፤ ብዙውንም በፈረስ ውድድር ቁማር አጥቷል። ለተቸገረ ሁሉ ይሰጣል፤ ጓደኛ ነኝ ለሚለው ሁሉ ያበድራል። በድህነት አድጎ በድንገት ገንዘብ እጁ የገባ ወጣት ከቁማር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ማብራራት አያስፈልግም።

የቦክስ ሕይወቱ ያበቃው በግንቦት 31 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ተጋጣሚው ሄንሪ አርምስትሮንግ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን ያለ እረፍት የሚመታ ሰው ነበር። ሮስ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በሚገባ ተጋጠመ፤ ከዚያ እግሩ ከዳው። በዚያች ሰዓት የ28 ዓመት ወጣት በአንድ ምሽት አረጀ ማለት ይቻላል። ዓይኖቹ አብጠው ተደፈኑ። ረዳቶቹ ግጥሚያውን ሊያስቆሙ ፈለጉ፤ ዳኛውም ሊያቆም አሰበ፤ ሮስ ግን ሻምፒዮን ሆኖ መውደቅ ካለበትም በእግሩ ቆሞ መሆን እንዳለበት ገልጾ እንቢ አለ። 15ኛው ዙር እስኪያልቅ እየተመታ ቆመ። ሕዝቡም በመጨረሻዎቹ ዙሮች ጩኸቱን አቁሞ በዝምታ ተመለከተ ይባላል። ከዚያ ምሽት በኋላ ዳግመኛ አልተጋጠመም።

አንባቢያን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ በዚያው ጊዜ አካባቢ አይሁዳውያን ቦክሰኞች ከመድረኩ መጥፋት እንደጀመሩ ነው። የሚያሸንፋቸው ስለበዛ አይደለም። የስደተኞቹ ልጆች ሁለተኛ ትውልድ ትምህርት ቤት ስለገባ ነው። አባት በቡጢ የገዛውን ቤት ልጅ በመጽሐፍ ጠበቀው። ቦክሰኛ የነበሩት አባቶች ራሳቸው ልጆቻቸው ጓንት እንዳያጠልቁ የከለከሉ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ናቸው። በተለይ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1944 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለተሰናባች ወታደሮች የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪና የቤት መግዣ ብድር ስለፈቀደ (እዚህ አገር ተሰናባች ወታደር የሚያገኘውን ፒካዶን የሚያስታውስ ነገር ነው) የጣሊያኑም የአየርላንዱም ልጅ በዚያው በር ወጣ። ቦክስ መጀመሪያ ያጣው ተመልካቹን አይደለም፤ ልጆቹን ነው። የሠፈር ልጅ ከሌለ የሠፈር ክበብ የለም።

ሮስ ግን ገና አንድ ጦርነት ይቀረው ነበር። አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ ዕድሜው 32 ዓመት ነበር፤ መዝመት አይገደድም። ማሪን በሚባለው ጦር በፈቃዱ ገባ። አለቆቹ ቦክስ አስተማሪ አድርገው ሊያስቀሩት ቢፈልጉም ወደ ጦር ሜዳ ላኩኝ ብሎ ጠየቀ። በኅዳር ወር 1942 ዓ.ም. በጓዳልካናል ደሴት ጫካ ውስጥ እሱና ጓዶቹ በጃፓኖች ተከበቡ። አብረውት የነበሩት ክፉኛ ቆስለው መተኮስ ስላልቻሉ፣ እሱም ቆስሎ እያለ፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የራሱንና የእነሱን ጥይት እየተኮሰ፣ ቦምብ እየወረወረ ሌሊቱን ሙሉ ተከላከለ። ሲነጋ ከቁስለኞቹ በሕይወት የተረፈውን ደግፎ አወጣ። ለዚህም የብር ኮከብ የሚባለውን የጀግና ሜዳልያ ተሸለመ።

በዚያ ደሴት ላይ አባ ፍሬደሪክ ጌሪንግ ከሚባሉ የካቶሊክ ቄስ ጋር ተዋውቆ እስከ ዕድሜ ልክ ጓደኛሞች ሆኑ። ቄሱ ለገና ሌሊት ኦርጋን የሚጫወትላቸው ሰው ሲያጡ ያገኙት ይህንን የታልሙድ መምህር ልጅ ነው፤ እሱም የማያውቀውን ዜማ አጥንቶ ተጫወተላቸው።

ሮስ በቁስልና በወባ ይሠቃይ ስለነበር ሐኪሞቹ ሕመሙን ለማስታገስ ሞርፊን ይሰጡት ነበር። አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም አነጋገሩት። በየስብሰባው ይጠራል፣ ይጨበጨብለታል። ማንም የማያውቀው ግን ያለዚያ መድኃኒት ማደር አለመቻሉን ነበር። ከነጋዴዎች በድብቅ ይገዛል፤ ያለውን ገንዘብ ይጨርሳል፤ ይዋሻል። ባለቤቱ ወይዘሮ ካትሪን ነገሩ ሲገባት ተለየችው።

በ1946 ዓ.ም. ሮስ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረገ። ራሱ ወደ መንግሥት ሄዶ የሞርፊን ሱስ እንዳለበት ተናዘዘ፤ ኬንታኪ ክፍለ ሀገር ሌክሲንግተን ከተማ ወደሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታልም እንዲያስገቡት ጠየቀ። ያ ሆስፒታል ግማሹ እስር ቤት ነበር ማለት ይቻላል። በዚያን ዘመን ሱሰኛ መሆን እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ወንጀልና እንደ ውርደት ነው የሚቆጠረው። እንኳን ዝነኛ ሰው፣ ተራ ሰውም ቢሆን ቤተሰቡ ይደብቀዋል። እሱ ግን ጋዜጣ እንዲያውቀው አደረገ። ለአራት ወራት ያህል ታክሞ በ1947 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወጣ። ካትሪንም ወደ እሱ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ወጣቶችን ስለ አደገኛ ዕፅ አስተማረ፤ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊትም ቀርቦ ስለዚሁ ጉዳይ ተናገረ። እንዲህ ዓይነት ችግር በእኛም ወጣቶች መካከል ሲገኝ ነገሩን መሸፋፈን የሚቀናን ወላጆች ስላለን ይህን ክፍል ትንሽ ሰፋ አድርገን ጻፍነው።

የእስራኤል መንግሥት ከመመሥረቱ በፊት በነበሩት ዓመታትም ሮስ በአሜሪካ በየአደባባዩ እየቆመ ለአይሁድ መንግሥት ድጋፍ ይጠይቅ ነበር። የቀድሞ ወታደሮችም ወደዚህ መጥተው እንዲዋጉ ይቀሰቅስ ነበር።

ሮስ ከሆስፒታል ሲወጣ ያገኘው የቦክስ ዓለም የተወውን አልነበረም። ቤኒ ሌናርድ በሚያዝያ ወር 1947 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በዳኝነት መድረክ ላይ እንዳለ ወድቆ ሞተ። ቴሌቪዥን ደግሞ በየቤቱ መግባት ጀመረ። ለቦክስ ቴሌቪዥን በመጀመሪያ በረከት መስሎ ነበር፤ መድረኩ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ካሜራ ይነሣል፣ ቢራና ምላጭ ሻጮችም ማስታወቂያ ለማሰማት ይሽቀዳደማሉ። በ1950ዎቹ በየሳምንቱ ብዙ ምሽት ቦክስ ይታይ ነበር። ነገር ግን ሻምፒዮኑን በነጻ ሳሎኑ ተቀምጦ የሚያይ ሰው የሠፈሩን ልጅ ለማየት ሁለት ዶላር ከፍሎ ለምን ይወጣል? ክበቦቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ክበብ ሲዘጋ አዲስ ቦክሰኛ ቀስ በቀስ የሚማርበት ቦታ ጠፋ። ገና ያልበሰሉ ልጆች በቴሌቪዥን ይወጡ ጀመር፤ ሁለት ጊዜ ሲሸነፉም ይጣላሉ።

ሌላው ወሮበሎቹ ናቸው። ሮስ በልጅነቱ በቺካጎ የሚያውቃቸው ዓይነት ሰዎች፣ አሁን ቦክሱን ራሱን ይዘውት ነበር። ፍራንኪ ካርቦ የሚባለው ሰው ማን ከማን እንደሚጋጠም፣ አንዳንድ ጊዜም ማን እንደሚሸነፍ ይወስን ነበር። በ1960 ዓ.ም. የሴናተር ኪፎቨር ኮሚቴ ይህን ሁሉ በአደባባይ አወጣው፤ ካርቦም በ1961 ዓ.ም. ተፈርዶበት ታሰረ። ሕዝቡ ግን የሚያየው ግጥሚያ እውነት ይሁን ሐሰት መጠራጠሩን አልተወም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ሞት ነው። በመጋቢት ወር 1962 ዓ.ም. ቤኒ ፓሬት የተባለ ከኩባ የመጣ ቦክሰኛ፣ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን እያየ፣ በገመዱ ላይ ተደግፎ እንዳለ ተደብድቦ ከአሥር ቀን በኋላ ሞተ። እናቶች ይህን በገዛ ሳሎናቸው አዩ። ከዚያ ቀደም በ1960 ዓ.ም. የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግጥሚያ ምክንያት ስለሞተ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቦክስ ውድድር ቀርቶ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ልጅ ዩኒቨርሲቲ በነጻ ሲማር፣ ቦክስ የሚማር ልጅ ግን ከትምህርት ቤት በር ውጭ ቀረ። የቦክስ ምት አንጎል እንደሚጎዳ ዶክተር ማርትላንድ የተባሉ ሐኪም በ1928 ዓ.ም. ጽፈው ነበር፤ ሰዉ ልብ ያለው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በተለይም ታላቁ ሙሐመድ ዓሊ እጁ እየተንቀጠቀጠ አንደበቱ ሲተሳሰር ባየ ጊዜ ነው። በ1964 ዓ.ም. የሳምንቱ ቋሚ የቴሌቪዥን ቦክስ ቆመ።

ሮስ ይህን ሁሉ በሕይወቱ አየ። ከእሱ በኋላ የመጣውም አልረዳም። በእሱ ጊዜ በአብዛኛው በአንድ ክብደት አንድ ሻምፒዮን ነበር። በኋላ ግን የዓለም ቦክስ ማኅበር ነን የሚሉ አራት ድርጅቶች ተቋቁመው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሻምፒዮን ይሾማሉ፤ የክብደቱም ዓይነት ከስምንት ወደ አሥራ ሰባት አደገ። ትላልቆቹ ግጥሚያዎችም በተለይ ለሚከፍል ብቻ የሚታዩ ሆኑ፤ ገንዘቡ በዛ፣ ልጆች ግን ሳያዩ አደጉ። ያላዩትን ስፖርት ደግሞ አይወዱም።

በ1957 ዓ.ም. በሕይወቱ ላይ ፊልም ተሠራ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ሱሱን ዋና ነገር አድርገው ስላቀረቡት በጣም ተናደደ፣ ከሰሳቸውም። በዚያው ዓመት የራሱን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ።

በመጨረሻ የጉሮሮ ካንሰር ያዘው። በጥር ወር 1967 ዓ.ም. በ57 ዓመቱ በቺካጎ ሞተ። ያደገበት የማክስዌል መንገድ አሮጌ ገበያ በ1990ዎቹ ፈርሶ ዩኒቨርሲቲ ተስፋፋበት። እዚህ በአገራችን ደግሞ በናታንያ አጠገብ በሚገኘው በዊንጌት ተቋም የተመሠረተው የዓለም አይሁዳውያን ስፖርተኞች የክብር መዝገብ ላይ፣ የባርኒ ሮስ ስም ከቤኒ ሌናርድ ስም ጋር ተጽፎ ይገኛል።